አዳራሹ ሞልቶ እንዴት ይከስራል?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ከደሴ ነው የምጽፍልህ። ልጅ ሆነን ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቪዲዮ ቤት ተጨናንቀን ሬስሊንግ እናይ ነበር። እኔ የጎልድበርግና የስቲንግ ደጋፊ ነበርኩ። ከዚያ ድርጅታቸው ደብሊው ሲ ደብሊው ድንገት ጠፋ። የሻምፒዮንነት ቀበቶው ተቀናቃኙ ድርጅት ጋ ታየ፣ ስቲንግ ግን የለም። ጓደኞቼ “ከስሮ ነው” ይሉኛል። ያ ሁሉ ሕዝብ እየጮኸለት እንዴት ይከስራል?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ በዚህ የተቆጨው አንተ ብቻ አይደለህም። መጀመሪያ ጓደኞችህን ላርማቸው። ደብሊው ሲ ደብሊው ፍርድ ቤት ሄዶ ኪሳራ አላወጀም፣ ተሸጠ እንጂ። እኛ የአንድ ቀን ገበያ የከሸፈበትንም፣ ዕዳው በዝቶ ዳኛ ፊት የቆመውንም “ከሰረ” ስለምንል ነው የሚምታታው።

ድርጅቱ የቴድ ተርነር ነበር። ገንዘብ ሲያጥረው ከኋላ የሚሞላለት ባለ ቴሌቪዥን ነበረው ማለት ነው። ናይትሮ የሚባለውን የሰኞ ማታ ዝግጅት በ1995 ጀመረ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራልህ)፣ ከ1996 አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ ለ83 ተከታታይ ሳምንት ተቀናቃኙን የቪንስ ማክማንን ድርጅት ደብሊው ደብሊው ኤፍን በተመልካች ብዛት በለጠ። ችግሩ ወጪው ላይ ነው። የትልልቆቹ ታጋዮች ክፍያ ቁርጥ ነበር፤ አዳራሹ ሞላም አልሞላም፣ ሰውዬው ታገለም ቤቱ ተኛም ገንዘቡ ይከፈላል።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ጁላይ 6 ቀን 1998 አትላንታ ላይ የሆነው ነው። ጆርጂያ ዶም ውስጥ ወደ 40 ሺህ ሰው ተሰብስቦ ጎልድበርግ የወቅቱን ሻምፒዮን ሀልክ ሆጋንን ዘቅዝቆ ወደ ላይ አንስቶ አነጠፈውና ቀበቶውን ወሰደ። ይሄን ግጥሚያ አሜሪካ ያለ ሰው ሁሉ ሳሎኑ ቁጭ ብሎ፣ ለብቻው ምንም ሳይከፍል አየው። ለወራት አስጠብቀው፣ ተከፍሎ በሚታየው ዝግጅት ቢሸጡት ኖሮ ስንት ያስገባ ነበር! አንድ ሰኞ ማታ ተቀናቃኛቸውን ለመብለጥ ብለው የሚያርሱበትን በሬ አርደው በሉት።

ከዚያ ተመልካቹ እየሸሸ ሄደ፣ ደመወዙ ግን ባለበት ቀረ። በ2000 ብቻ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰሩ። በ2001 መጀመሪያ የድርጅቱ የቀድሞ ኃላፊ ኤሪክ ቢሾፍና አጋሮቹ ሊገዙት ተስማምተው ነበር፤ በማርች ጄሚ ኬልነር የሚባል አዲስ አለቃ መጣና ሬስሊንጉን ከተርነር ጣቢያዎች አወረደው። ገዢዎቹም ቴሌቪዥን ከሌለ ምን እንሠራበታለን ብለው ተዉት። ማክማን ከ5 ሚሊዮን ዶላር ባነሰ ገንዘብ ስሙንም ካሴቱንም ጠቅልሎ ወሰደ። ማርች 26 የመጨረሻውን ናይትሮ ስቲንግና ሪክ ፍሌር ተጋጥመው ዘጉት። ሲጨርሱ ተቃቀፉ። እኔ ያን ማቀፍ አልረሳውም።

ስቲንግ የት ገባ ላልከው፣ ማክማን ሁሉንም ውል አልገዛም፣ ውድ ውድ የሆኑትን ትቷቸዋል። ስለዚህ ስቲንግም ጎልድበርግም ቤታቸው ተቀምጠው ደመወዛቸውን ከድሮዎቹ ባለቤቶች ይቀበሉ ነበር። ጎልድበርግ በ2003 ወደ ማክማን መጣ፣ ስቲንግ ግን እስከ 2014 አልመጣም።

ጥያቄ፦ እኔ ከኮምቦልቻ ነኝ። ወንድሜ የታጋዩ የሮብ ቫን ዳም ወዳጅ ነው፣ ሮብ ይታገልበት የነበረው ድርጅት ኢ ሲ ደብሊውም ከሰረ ይላል። ታጋዮቹ ገንዘባቸውን አገኙ? የምጠይቀው ለጨዋታ አይደለም፣ የምሠራበት ድርጅት የሦስት ወር ደመወዜን ሳይሰጠኝ ተዘግቷል።

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽ ልክ ነው። ኢ ሲ ደብሊው ከምሩ ነው የከሰረው። በኦክቶበር 2000 ከአገር አቀፍ ቴሌቪዥን ወረደ፣ በኤፕሪል 2001 ፍርድ ቤት ገባ። መዝገቡን ሳስበው ሆዴ ይባባል። ዕዳው 8.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ንብረቱ 1.4 ሚሊዮን ገደማ። ንብረት የተባለውም አብዛኛው ገና ከሌሎች የሚሰበሰብ ገንዘብና የቪዲዮ ካሴት ነው። በእጅ የሚዳሰስ ነገር ሲፈለግ የተገኘው 19,500 ዶላር የተገመተ አንድ የ1998 ፎርድ መኪናና የ4,000 ዶላር ዕቃ ነው። ሮብ ቫን ዳም 150,000፣ ቶሚ ድሪመር 100,000 ዶላር ይጠብቁ ነበር። ሁሉ ተሸጦ ቢከፋፈል እንኳ ለአንድ ዶላር ዕዳ 16 ሳንቲም አይደርስም። በጠረጴዛ ላይ ወገባቸውን እየሰበሩ ያቆሙት ድርጅት! ባለቤቱ ፖል ሄይማን ደግሞ መዝገቡ ከመግባቱ አንድ ወር ቀደም ብሎ ማክማን ጋ ማይክ ይዞ ታየ።

ያንቺ መንገድ ከእነሱ ይሻላል። ተቀጥረሽ ከሆነ የምትሠሪው፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ አለው። የሚያስፈራኝ ጊዜው ነው። የደመወዝ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይቀራል፣ ጊዜው አልፏል ተብሎ ውድቅ ይሆናል ማለት ነው። “ትንሽ ታገሱ፣ ይከፈላችኋል” እየተባለ ስንት ሰው ስድስት ወሩን ፈጅቷል! የቅጥር ደብዳቤሽን፣ ደመወዝ የገባበትን የባንክ ደብተርና ባጅሽን ይዘሽ ፍርድ ቤት ሂጂ፣ የሥራ ክርክር ችሎት ብለሽ ጠይቂ። አብረውሽ የሠሩትንም ዛሬውኑ ደውለሽ ንገሪያቸው።