ቀዩ ሽቦ ወይስ ሰማያዊው?

ጥያቄ፦ ስለ ፈንጂ አምካኞች በተሠሩ የአክሽን ፊልሞች ላይ ባለሙያው ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሴኮንዶች ሲቀሩት ከቀዩና ከሰማያዊው ሽቦ አንዱን መርጦ ይቆርጣል። እውነተኛው ሥራም እንዲህ ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አይደለም። ቦምብ የሚሠራ ሰው ያገኘውን ሽቦ ሁሉ ሊጠቀም ስለሚችል፣ ቀለም ለአምካኙ አስተማማኝ ምልክት ሊሆነው አይችልም። ባለሙያው በቅድሚያ አካባቢውን ከሰው ያስለቅቃል፤ ከዚያም በተቻለ መጠን ራሱ ሳይጠጋ ከርቀት የሚታዘዝ ሮቦት ይልካል። የብሪታንያ ጦር እ.ኤ.አ. በ1972 በሰሜን አየርላንድ «ዊልባሮ» የተባለውን ሮቦት ሥራ ላይ ያዋለው ለዚሁ ነበር። ሮቦቱ ብዙ ጊዜ የሚይዘው መቁረጫ ሳይሆን ውኃን በከፍተኛ ኃይል የሚተኩስ አፈሙዝ ሲሆን፣ የውኃው ምት ፈንጂው ለመፈንዳት ፋታ ከማግኘቱ በፊት ባትሪውን፣ ሽቦውንና ማቀጣጠያውን ይበታትናቸዋል። በእኔ እምነት ይህች ቅጽበት ከየትኛውም የሰዓት ቆጠራ ይበልጥ ልብ ታንጠለጥላለች፤ በፊልሞቹ ላይ እምብዛም አለመታየቷ ያሳዝነኛል።

ሮቦቱ መድረስ ካልቻለ ባለሙያው ብቻውን ይሄዳል። የሚለብሰው መከላከያ 35 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ በፊልም እንደምናየው እየሮጠ ሳይሆን በዝግታ እየተራመደ፣ በላብ እየተጠመቀ ነው የሚጠጋው። ከራስ ቁሩ እስከ እግሩ በወፍራም ጥሩር ተሸፍኖ ሳለ፣ ጥቃቅኑን ነገር በጣቶቹ መዳሰስ ስላለበት እጆቹ አብዛኛውን ጊዜ አይሸፈኑም።