ቴስታታ ስንገጥም ቫልቭ እንዳይጎብጥ፦ ጥያቄና መልስ

መልስ ሰጪ፦ በጎንደር የሞተር እድሳት ሥራ ላይ ነኝ። ከመተማ ቆላ ተነሥተው አቀበቱን የሚወጡ፣ በሊማሊሞም የሚመላለሱ መኪናዎች ሞተራቸው ከመጠን በላይ ይሞቅና ቴስታታቸው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው፣ ቫልቮቹን የያዘው ክፍል) ይፈታል። ቫልቭ የሚጎብጠው ክፍት ሆኖ ሳለ ፒስተን ሲመታው ነው። እኔ ካየኋቸው የጎበጡ ቫልቮች ግን አብዛኞቹ የተበላሹት ታድሶ የመጣው ቴስታታ ተመልሶ ሲገጠም ነው። ስለዚህ ጥያቄዎቻችሁ በመገጣጠሙ ላይ ይሁኑ። አንድ ነገር አስቀድሜ ላሳስብ፦ ክራንክሻፍቱን (ፒስተኖቹ የተያያዙበትን ዘንግ) በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ሳታዞሩ ሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻውን) አትንኩ።

ጠያቂ ከአዘዞ፦ የኮሮላ 1ኤንዜድ ሞተር ቴስታታ ከቶርኖ ቤት ተመልሶልኛል። ፒስተኖቹ የት ሆነው ልግጠመው?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ሲሆን፣ ክራንክሻፍቱን ከምልክቱ (አንደኛው ፒስተን ከላይኛው ጫፍ ከሚሆንበት) 90 ዲግሪ ወደኋላ መልሰው፤ ያን ጊዜ አራቱም ፒስተኖች በሲሊንደሩ መካከል ገደማ ይቆማሉ፣ አንዳቸውም ከላይ አይገኙም። ቫልቭ ሲከፈት ወደ ታች የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከፒስተኑ ጋር አይገናኝም። በዚህ ሞተር ካምሻፍቶቹ (ቫልቮቹን የሚከፍቱት ዘንጎች) ተፈትተው ቴስታታው ሲጫን ቫልቮቹ በሙሉ ዝግ ናቸው፤ አደጋው የሚመጣው ካምሻፍቶቹ ሲታሰሩና ሲዞሩ ነው። የካምሻፍቱን ክዳኖች ቡሎን ከመካከል ጀምረህ ሁሉንም በየተራ ጥቂት ጥቂት አጥብቅ፤ አንዱን ጫፍ ብቻ ካጠበቅህ የቫልቮቹ ሞላ ሌላውን ጫፍ ስለሚገፋው ካምሻፍቱ ሊሰበር ይችላል። ከዚያ ካምሻፍቶቹን ወደ ምልክታቸው አምጣ፣ በመጨረሻም ክራንክሻፍቱን ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ 90 ዲግሪ ወደ ምልክቱ አምጣና ካቴናውን (ክራንክሻፍቱንና ካምሻፍቶቹን የሚያገናኘውን ሰንሰለት) አስገባ። በዚህ መንገድ ወደ ላይ የሚወጡት አንደኛውና አራተኛው ፒስተን ብቻ ናቸው፤ የእነርሱ ቫልቮችም በዚያ ሰዓት ሊኖሩበት በሚገባቸው ቦታ ላይ ስለሚገኙ አይነኩም። የካቴናውን መወጠሪያ መያዣ ስፒል ማውጣትን አትርሳ፤ ካቴናው ላልቶ ከቀረ ጥርስ ይዘልላል።

ጠያቂ ከማራኪ፦ ባለ ሦስት ሲሊንደሩ ቪትዝስ? እዚያ መካከል የሚባል ነገር የለም።

መልስ፦ ልክ ብለሃል፤ ይህን ባለመገንዘብ በ90 ዲግሪ የሚሠሩ ብዙዎች ናቸው። የቪትዙ 1ኬአር ሞተር ክራንኮች (ፒስተኖቹ የተያያዙባቸው የክራንክሻፍቱ ክንዶች) በ120 ዲግሪ የተለያዩ ስለሆኑ፣ 90 ዲግሪ ብትመልሰው አንዱ ፒስተን ወደ ላይኛው ጫፍ እጅግ ይጠጋል። 60 ዲግሪ ወደኋላ መልሰው፤ አንዱ ፒስተን ከታች ይሆናል፣ ሁለቱ ደግሞ በእኩል ከፍታ ከጫፉ ርቀው ይቆማሉ። ከዚያ 60 ዲግሪውን ወደፊት ስታመጣ ከአንደኛው በስተቀር ሌላ ፒስተን ጫፉን አያልፍም።

ጠያቂ፦ የቴስታታ ቡሎን በስንት ቶርክ (የማጥበቂያ ኃይል) ይጠብቃል?

መልስ፦ የየትኛው ሞተር? የሞተሩን ኮድ ሳትነግረኝ ቁጥር አልሰጥህም፤ የአንዱ ቁጥር ሌላውን ይሰብራል። የሚያገናኛቸው ግን ይህ ነው፦ ከመካከል ወደ ዳር በደረጃ ይጠብቃሉ፣ የቡሎኑ ጉድጓድም ዘይትና ውሃ ይዞ ከቆየ ብሎኩን (ሲሊንደሮቹ ያሉበትን የሞተር አካል) ሊሰነጥቅ ስለሚችል በአየር ግፊት ይጸዳል። በዲግሪ (በተወሰነ የመዞሪያ ልክ) የሚጠበቅ ቡሎን ስለሚለጠጥ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ይገዛል።

ጠያቂ፦ ሞተሬ ከተሠራ በኋላ ኃይል አጥቷል፤ ምን ይሆን?

መልስ፦ የትኛው ሞተር፣ ምን ተሠራ፣ ኮምፕሬሽኑስ (በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) ተለክቷል? እነዚህን ይዘህ ተመለስ።

አባል፦ የእኔ አሮጌ ኮሮላ ቺንጋው (በካቴና ፈንታ ካምሻፍቱን የሚያዞረው ቀበቶ) መንገድ ላይ ተበጥሶ ምንም ቫልቭ አልጎበጠም፤ አዲስ ቺንጋ ብቻ ቀይሬ ነዳሁት። ስለዚህ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የተጋነነ ነው።

ሌላ አባል፦ ሞተርህ 4ኤ-ኤፍኢ ይሆናል፤ በእርሱ ቫልቭና ፒስተን አይገናኙም። የጎረቤቴ ናፍጣ ሃይሉክስ ግን ቺንጋው ሲበጠስ ቫልቮቹ ሁሉ ተጎድተዋል።

አባል፦ እንግዲያስ ችግሩ የናፍጣ ብቻ ነው ማለት ነው።

መልስ፦ አይደለም። 4ኤ-ኤፍኢ ላይ የተባለው እውነት ነው፤ ከላይ የተነገረው 1ኤንዜድ ግን የቤንዚን ሞተር ሆኖ ሳለ ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ይገናኛሉ። በተጨማሪም ሞተር የተቀየረላቸው መኪናዎች በከተማችን አሉ፤ በኮፈኑ ሳይሆን በብሎኩ ላይ በተመታው ኮድ ፍረዱ። ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

ጠያቂ ከፒያሳ፦ ቴስታታው ገና ሳይገጠም ቫልቭ ሊጎብጥ ይችላል?

መልስ፦ ይችላል፤ ይህን በመጠየቅህ ደስ ብሎኛል። ካምሻፍቱ እንደታሰረ ከሆነ ምንጊዜም የተወሰኑ ቫልቮች ክፍት ሆነው ከቴስታታው ገጽ ውጭ ይወጣሉ። ቴስታታውን በዚያ ገጹ ጠረጴዛ ላይ ከጣልኸው ክብደቱ በሙሉ በእነርሱ ላይ ያርፋል። በሁለት እንጨት ላይ ከዳርና ከዳር አሳርፈው። እንዲሁም ሞላውን የሚይዙት ሁለቱ ግማሽ ቀለበቶች በትክክል መቀመጣቸውን ለማረጋገጥ የቫልቩን ጫፍ በፕላስቲክ መዶሻ ቀስ ብለህ ምታ፤ ያልተቀመጠ ቀለበት ሞተሩ ሲሠራ ቢያመልጥ ቫልቩ ወደ ሲሊንደሩ ይወድቃል።

ጠያቂ፦ ፒስተኖቹን ከላይ አድርጌ ብገጥመውስ?

መልስ፦ ይህ ለአዘዞው ጠያቂ ተመልሷል፤ እባካችሁ ከላይ ያለውን አንብቡ።

ጠያቂ ከአዘዞ፦ በእጅ ሳዞረው ቢቆምብኝ ኮምፕሬሽን መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ መጀመሪያ ካንዴላዎቹን አውጣ፤ ናፍጣ ከሆነም የማሞቂያ ካንዴላዎቹን። ያን ጊዜ ኮምፕሬሽን አይኖርም። የኮምፕሬሽን ግፊት እየገፋህ ስትሄድ ቀስ ብሎ ይሸነፋል፤ ብረት ብረትን ሲነካ ግን በአንድ ቦታ ድንገት ይቆማል። ከቆመ በረጅም ቁልፍ አታስገድደው፣ ምልክቶቹን ፈትሽ። ሁለት ዙር የምላችሁ ካምሻፍቱ አንድ ዙር የሚጨርሰው ክራንክሻፍቱ ሁለት ሲዞር ስለሆነ ነው፤ ከዚያ ካነሰ ያልተከፈቱ ቫልቮች ይቀራሉ።

ጠያቂ፦ የናፍጣ ቴስታታ ከተላገ በኋላ የቀድሞው ዓይነት ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ይሆነዋል?

መልስ፦ አስቀድሞ ይለካ። በብዙ የናፍጣ ሞተሮች ፒስተኑ ከብሎኩ ገጽ ጥቂት ይወጣል፣ ጓርኒሲዮኑም በዚያ ልክ በውፍረት ደረጃ ይመረጣል፤ ደረጃው በጠርዙ ላይ ባሉ ቀዳዳዎች ወይም ጎድጓዳ ምልክቶች ይታወቃል። ቴስታታው ሲላግ ቫልቮቹ ወደ ፒስተኑ ይቀርባሉና የቫልቮቹም ጥልቀት አብሮ ይለካ።

ጠያቂ ከማራኪ፦ ጥቂት የጎበጠ ቫልቭ ተቃንቶ ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም፤ ይቀየራል። ቫልቩ የሚንሸራተትበት መሪም ተመትቶ ሊሆን ስለሚችል አብሮ ይታይ። አዲሱ ከገባ በኋላ ቴስታታውን ገልብጠህ በየማቃጠያ ክፍሉ ናፍጣ ጨምርና በመግቢያና በመውጫ ቀዳዳዎቹ ተመልከት፤ ናፍጣ የሚያርስ ቫልቭ ካለ ገና አልገጠመም፣ ቴስታታውንም ወደ ብሎኩ አትውሰደው።