መልስ፦ ቫይታሚን ኤ የልጄን የዓይን ካንሰር ያባብሳል ወይ?

እህቴ፣ «የካንሰሩ ሴሎች ቫይታሚን ኤ የሚይዝ ፕሮቲን አላቸው ሲባል ሰማሁ፤ በየስድስት ወሩ የሚሰጠውን ላስቀርበት?» ላልሽው፣ አይዞሽ፣ ፕሮቲኑ የበሽታው መንስኤ አይደለም። ጤነኛ ሬቲናም (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን) አለው። ከእነዚህ ፕሮቲኖች አንዱ አይአርቢፒ ይባላል። ብርሃን ተቀባይ ሴሎች ያመርቱታል፤ ለማየት የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ኤ በሴሎች መካከል ያመላልሳል። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በላብራቶሪ በሚራባው ዋይ-79 በተባለው የሬቲኖብላስቶማ (የልጆች የሬቲና ካንሰር) ሴል ላይም ተገኝቷል። ይህ ለተመራማሪዎች የጠቆማቸው ዕጢው የብርሃን ተቀባይ ሴሎች ወገን መሆኑን ነው። በሽታውን የሚያስነሳው ግን በአብዛኛው የአርቢ1 ጂን ሁለቱም ቅጂዎች መበላሸታቸው ነው። ከምግብ አይመጣም። አንቺም ያጠፋሽው ነገር የለም። ስለ ቫይታሚኑ ሐኪሙን አማክሪ፤ በራስሽ ግን አትጨምሪለት፣ ሲበዛ ጉበት ይጎዳል። የሕክምና ቀጠሮውን አታሳልፊ። ታናናሾች ካሉትም የእነሱም ዓይን ቶሎ ይመርመር።