ላሊበላን ሳይሮጡ ማየት

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደሴና ከኮምቦልቻ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ብዙዎቹ ስለ ላሊበላ የሚጠይቁ ናቸው። ወሎ ተወልዶ፣ ወሎ አድጎ ላሊበላን ገና ያላየ ሰው ጥቂት አይደለም። ቅርብ ነው እያሉ ዓመት በዓመት ሲገፉት ይቆያሉ፤ በመጨረሻ ሲሄዱ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ቀን ካላየን ይላሉ። ጥያቄዎቹን አሳጥረን ከነመልሳቸው አቅርበናል።

*እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ሠራተኞች ነን። ዓርብ ከምሳ በኋላ ከደሴ ተነሥተን እሑድ ማታ ቤታችን መግባት አለብን። አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት፣ አሸተን ማርያምን፣ ይምርሐነ ክርስቶስንና ነአኩቶ ለአብን ማየት እንፈልጋለን። እንዴት እናዳርሰው?* (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

አይዳረስም። መጀመሪያ መንገዱን አስሉት። ከደሴ በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ አድርጎ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ነው። ከወልድያ የድልብን ዳገት ወጥታችሁ ጋሸና ትደርሳላችሁ፤ እዚያ ወደ ቀኝ ታጥፋችሁ ላሊበላ ለመግባት ገና 64 ኪሎ ሜትር ይቀራል። በድምሩ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ዳገቱ፣ ጠመዝማዛውና የምሳ ማረፊያው ሲታሰብ ሙሉ ቀን ይወስዳል፤ በሕዝብ ትራንስፖርት ከሆነ ወልድያ ወይም ጋሸና ላይ መኪና መቀየር ሊያጋጥም ይችላል። ዓርብ ከምሳ በኋላ የተነሣ ሰው ገደሉ ላይ ይመሽበታል። ስለዚህ የዓርቡንና የሰኞውን ቀን ፈቃድ ውሰዱ። ዓርብ ንጋት 12 ሰዓት ተነሡ፣ ቅዳሜንና እሑድን ለላሊበላ ስጡ፣ ሰኞ ተመለሱ። ከመነሣታችሁ አንድ ቀን በፊት መናኸሪያ ወርዳችሁ በመስመሩ የሚሠሩ ሾፌሮችን ስለ መንገዱ ጠይቁ፤ መንገዱ ሰላም አይደለም ካሏችሁ ጉዞውን ለሌላ ሳምንት አቆዩት።

የሰኞውን ፈቃድ ካላገኛችሁ ያላችሁ ቅዳሜ ብቻ ነው። ያኔ አሸተንንና ይምርሐነ ክርስቶስን ከሐሳባችሁ አውጡ። አሸተን ተራራ ላይ ነው፤ በእግርም በበቅሎም ቢወጣ ግማሽ ቀን ይበላል። ይምርሐነ ክርስቶስ በዋሻ ውስጥ እንጨትና ድንጋይ እየተነባበረ የታነጸ፣ ከላሊበላዎቹም የሚቀድም ድንቅ ሥራ ነው። ነገር ግን በመኪና መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከዚያ ደግሞ ደረጃ አለው። ለሁለተኛ ጉዞ ይቆይላችሁ። ነአኩቶ ለአብ ግን ከከተማው በአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ አንድ ከሰዓት ይበቃዋል።

ሁለት ቀን ካላችሁ እኛ የምንመክረው እንዲህ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ ሦስት ቦታ ላይ ናቸው። በከተማው ካለው፣ ዮርዳኖስ ከሚባለው ወንዝ በስተ ሰሜን ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ መስቀል፣ ቤተ ደናግልና ቤተ ጎልጎታ ሚካኤል አሉ። ከወንዙ ማዶ ደግሞ ቤተ አማኑኤል፣ ቤተ መርቆሬዎስ፣ ቤተ አባ ሊባኖስ፣ ቤተ ገብርኤል ሩፋኤልና ቤተ ልሔም። ቤተ ጊዮርጊስ ለብቻው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከሰሜኑ ጀምሩ። ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት አብያተ ክርስቲያናቱ ለጎብኚ ብዙውን ጊዜ ዝግ ስለሆኑ ምሳ በሉ፣ ጋደም በሉ። ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ነውና ከምሳ በኋላ ትንሽ ዞር በሉበት፤ ከላስታ ቀበሌዎች እህልና ማር ጭኖ የሚመጣውን ሕዝብ ማየት በራሱ ጉብኝት ነው። 10 ሰዓት ሲሆን ወደ ቤተ ጊዮርጊስ ሂዱ፤ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ቀዩ ድንጋይ ይደምቃል። የወንዙን ማዶ ለእሑድ ተዉት፤ ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ይሁን።

ጉብኝቱን ለሁለት ቀን የምንከፋፍለው በድካም ምክንያት ብቻ አይደለም። አምስተኛው ላይ የደረሰ ጎብኚ ያየው ሁሉ ይደባለቅበታል፤ ማታ ተመልሶ የትኛው ቤተ አማኑኤል፣ የትኛው ቤተ ማርያም እንደነበር መለየት ያቅተዋል። ሌላው ምክንያት ዓይን ነው። ከጠራራ ፀሐይ ወደ ውስጥ ስትገቡ መጀመሪያ የሚታያችሁ ጨለማ ብቻ ነው። አብዛኛው ሰው በዚያ ሰዓት አንድ ፎቶ አንስቶ ይወጣል፤ የሚያመልጠውም ያኔ ነው። ቤተ ማርያም ስትገቡ ከበሩ አጠገብ አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ቁሙ። ቀስ በቀስ በቅስቶቹና በጣሪያው ላይ ያለው ሥዕልና ሐረግ ይወጣል፤ መካከል ላይ በጨርቅ የተሸፈነው ዓምድ ይለያል። ግድግዳውንም በቅርብ እዩት፤ ጠራቢው በመሮ የመታበት ምልክት እስከ ዛሬ አለ። ቤቱ ከላይ ወደ ታች እየተፈለፈለ የወጣ እንጂ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ የተሠራ አይደለም፤ አንዴ ተሳስቶ የተቆረጠ ነገር አይመለስም ነበር። ይህን እያሰባችሁ ስታዩት ሌላ ነገር ነው።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁ፦ ቤተ ጎልጎታ ሴት አይገባም። የንጉሥ ላሊበላ መቃብር ያለበት እንደሆነ የሚነገርለት እዚያ ነው። ባለቤትዎ ሲገቡ እርስዎ ውጭ የሚቆዩ ከሆነ በር ላይ ደርሰው እንዳይከፋዎት ብለን ነው።

*እናቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ የደም ግፊትም አለባቸው። ሳይሞቱ ላሊበላን መሳለም ይፈልጋሉ። መውሰድ ይቻላል ወይስ ልጎዳቸው ነው?* (ከኮምቦልቻ)

ይቻላል፣ ይውሰዷቸው። ነገር ግን ፕሮግራሙ የእርሳቸው ይሁን፣ የእርስዎ አይሁን።

ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ላሊበላ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ለደሴ ሰው ለውጥ የለውም፤ ለኮምቦልቻ ሰው ግን ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራል፣ ማታም ይበርዳል። የደረሱበትን ቀን ምንም አያድርጉ። እናትዎ ትኩስ ነገር ጠጥተው ይተኙ። የግፊት መድኃኒታቸው በእጅ ቦርሳ እንጂ መኪና ላይ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይሁን። ከጉዞው በፊትም ሐኪማቸውን ያማክሩ።

ችግሩ ርቀቱ ሳይሆን ደረጃው ነው። ደረጃዎቹ ከድንጋዩ የተፈለፈሉ ስለሆኑ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ይላል፤ በዘመናት እግር ለስልሰው ያንሸራትታሉ፤ መደገፊያም በአብዛኛው የላቸውም። መውረድ ከመውጣት ይከፋል። ሲወርዱ እርስዎ አንድ ደረጃ ቀድመው ፊትዎን ወደ እናትዎ አዙረው ይያዙ፤ ሌላ ሰው ከኋላ ይሁን። መቋሚያ ወይም ከዘራ ካላቸው ጫፉ ላይ ጎማ ያስገቡለት።

ከሁሉም ለእርሳቸው የሚመቸው ቤተ መድኃኔ ዓለምና ቤተ ማርያም ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው በዓለቱ ውስጥ ያለፈ አጭር መተላለፊያ ነው። ቤተ መድኃኔ ዓለም ከ33 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው፣ ከሁሉም ትልቁ ነው። እናትዎ እዚያ ተሳልመው፣ አንድ ጥግ ተቀምጠው ጸሎታቸውን ቢያደርሱ ጉዞው ተሳካ ማለት ነው። ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ሆነው ይዩት፤ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹት የጣሪያው መስቀሎች በደንብ የሚታዩት ከላይ ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው ጨለማ ዋሻ፣ የሲኦል ምሳሌ የሚባለው፣ ለእርሳቸው አይሆንም። በጨለማ እጅን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ራስን ዝቅ አድርጎ የሚታለፍ ነው። ከአንዱ ምድብ ወደ ሌላው በእግር አያድክሟቸው፤ ባጃጅ አለ።

ጫማ ላይ ደግሞ ይጠንቀቁ። በየቤተ ክርስቲያኑ በር ጫማ ይወለቃል፤ በአንድ ጠዋት አምስት ጊዜ ሊሆን ይችላል። ማሰሪያ ያለው ጫማ ያደረጉ እናት አምስት ጊዜ ጎንበስ ብለው ፈትተው አምስት ጊዜ ያስራሉ፤ ወገባቸው የሚደክመው በደረጃው ሳይሆን በዚህ ነው። ዝም ብሎ የሚጠለቅ፣ ሶሉ የማያዳልጥ ጫማና ወፍራም ካልሲ ይግዙላቸው።

*ሙስሊም ነኝ። ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር ልሄድ ነው። መግባት ይፈቀድልኛል? ምግቡስ?* (ከኮምቦልቻ)

አብሽሪ፣ እህታችን። ላሊበላን የሌላ እምነት ተከታይ ሁሉ ይጎበኘዋል። በር ላይ የሚጠበቅብሽ ነገር ለአንቺ አዲስ አይደለም፦ ጫማ ማውለቅ፣ ራስ መሸፈን፣ ሰውነትን የማያጋልጥ ልብስ መልበስ። ሒጃብሽ በቂ ነው። አብረውሽ ያሉት ወንዶች ግን ቆብ ቢሆን ኮፍያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያወልቃሉ፤ ይህ ከመስጊድ የሚለይበት ነውና አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ከመጋረጃው ወዲያ ያለው መቅደስ የካህናቱ ብቻ ነው፤ ክርስቲያኑም አያልፍም። ቅዳሴ ላይ ከደረሳችሁ ውጭ ጠብቁ።

ምግብ ላይ ሥጋ ያለበትን ነገር ሳትጠይቂ አትዘዢ። ሽሮ፣ ምስር፣ የጾም በያይነቱ ሁሌም ይገኛል። ለመንገድ በሶና ቆሎ ያዢ። ሶላት ላይ ቀኑን አስቀድመሽ አስተካክይ፤ 6 ሰዓት ላይ አብያተ ክርስቲያናቱ ሲዘጉ ወደ ማረፊያሽ ከተመለስሽ ዙህር አያመልጥሽም።

*መቼ እንሂድ? ለገና ብንሄድ አይሻልም?* (ከደሴ፣ ፒያሳ)

ለማክበር ከሆነ ሂዱ፤ በቤተ ማርያም ቅጥር ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው "ቤዛ ኩሉ" ሲያሸበሽቡ ማየት አቻ የለውም። ለመጎብኘት፣ ያውም ተረጋግቶ ለመጎብኘት ከሆነ ግን ገና አይሆንም። ሕዝቡ ከየአገሩ በእግሩ ጭምር ይመጣል፣ መኝታ ይጠፋል፣ ዋጋ ይንራል፣ ጠባቦቹ መተላለፊያዎች ላይ አንድ እርምጃ ለመራመድ ይጠበቃል። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን 28 ስለሚውል ቀኑን ቆጥራችሁ ከዚያ ራቁ።

ሐምሌና ነሐሴም አይመረጥም፤ እርጥብ ድንጋይ ያንሸራትታል። ጥሩው ጊዜ ከመስቀል በኋላ ጥቅምትና ኅዳር ነው፤ ላስታ አረንጓዴ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። በዐቢይ ጾም መሄድ ይቻላል፤ ነገር ግን በጾም ቀን ቅዳሴው ቀትር ላይ ስለሚገባ ከሰዓት ላይ የምትፈልጉት ቤት ለጎብኚ ሊዘጋባችሁ ይችላል። ጠዋትን ተጠቀሙበት።

*ስድስትና ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው ልጆች አሉኝ። ቤተ ጊዮርጊስ አጥር የለውም የሚባለው እውነት ነው?* (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

እውነት ነው። ዓለቱ ከእግርዎ ሥር ድንገት ይቆረጣል፤ ከታች ያለው 12 ሜትር ገደማ ጥልቀት ነው። ጠርዙ ላይ የሚይዝ ነገር የለም፤ አፈሩና ጠጠሩም ያዳልጣል። ለአንድ ልጅ አንድ ትልቅ ሰው ያስፈልጋል፤ እጅ ለእጅ ሳይያያዙ ወደ ጠርዙ አይቅረቡ። ፎቶ የሚያነሣው ሰው ልጅ አይያዝ፤ ስልክ ላይ ያተኮረ ዓይን ልጅ አይጠብቅም። ከታች ግን ልጆች ይወዱታል። የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ኮቴ ነው የሚባለውን ምልክት ያሳዩዋቸው። በዙሪያው ግድግዳ በተፈለፈሉ ጉድጓዶች የጥንት ሰዎች አስከሬን ይታያል፤ የሚፈራ ልጅ ካለዎት አስቀድመው ይንገሩት።

*ገንዘብ ላይ እንዳንቸገር ምን እናውቅ?* (ከኮምቦልቻ፣ ጓደኛማቾች)

መታወቂያ አይለያችሁ፤ የውጭ ዜጋ የሚከፍለው ሌላ ነውና ከውጭ የመጣ ዘመድ ካላችሁ አስቀድሞ ይወቀው። የቆረጣችሁትን ትኬት አትጣሉ፤ በየበሩ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። አስጎብኚ ያዙ፣ ፈቃዱን የሚያሳይ ይሁን። ዋጋውን ከመነሣታችሁ በፊት ተስማሙ፤ ስትስማሙም ለስንት ሰው፣ ለስንት ቀን፣ ቤተ ጊዮርጊስ አለበት ወይ የሚለውን ለዩ። አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚነሣው ዋጋው ስላልተባለ ሳይሆን ይህ ስላልተባለ ነው። ጫማ ለሚጠብቁ፣ ለሙዳየ ምጽዋትና መስቀል ይዘው ፎቶ ለሚነሡ ካህናት ዝርዝር ብር አዘጋጁ። ካህኑን ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሡ፤ ሥዕል ላይም ፍላሽ አጥፉ።

*ቁንጫ አለ ይባላል።* (ከደሴ)

ምንጣፉ ላይ አለ። ሱሪዎን ካልሲ ውስጥ ይክተቱ፤ ካልሲው ነጭ ቢሆን ቁንጫው ይታያል። ምንጣፍ ላይ አይቀመጡ። ማታ ካልሲውንና ሱሪውን አልጋው ላይ ሳይጥሉ ውጭ ያራግፏቸውና በፌስታል አስረው ያስቀምጡ።