የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ጥያቄ፦ «ዛሬ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ከባድ መንቀጥቀጥ ይመጣል፣ ከቤት ውጡ» የሚል በቴሌግራም ደረሰኝ። ልጆቹን ይዤ ልውጣ?

መልስ፦ ኧረ ይተኙ እናቴ። ቀንና ሰዓት ቆርጦ የሚተነብይ ጃፓንም አሜሪካም የለም። ሰዓት የተጻፈበት መልእክት ውሸት ነው። ለእህትዎም እንዳይልኩት።

ጥያቄ፦ ታዲያ ማንን እንመን?

መልስ፦ አገር ቤት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ ስፔስ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት አለ። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ድረ ገጽም ቦታውን፣ መጠኑንና ጥልቀቱን ቶሎ ያወጣል። ሰዓቱ በዩቲሲ (UTC፣ በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ከሆነ 3 ደምሩበት፤ 19፡30 ካለ በእኛ ከምሽቱ 4፡30 ነው። ብዙ ሰው የቆየውን ዜና «አሁን የሆነ» ብሎ የሚያጋራው ይቺን ሳያይ ነው። መጀመሪያ 5.8 የተባለው በኋላ 5.7 ቢሆን ደግሞ «ደበቁን» አትበሉ። የብዙ ጣቢያ መረጃ ሲገባ ሂሳቡ ይስተካከላል።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነኝ። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ ሲንቀጠቀጥ አምፖሉ ተወዛወዘ፤ ምድር ላይ ያለችው ጎረቤቴ ግን ምንም አልሰማችም።

መልስ፦ ትክክል ናት፣ ፎቅ ላይ ውዝዋዜው ይጎላል። ያን ጊዜ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል ቅልጥ አለት ከመሬት በታች ስንጥቅ እየከፈተ ይገባ ነበር። የካቲት 7 መጠኑ 6.0 ደረሰ። ሲነቃነቅ ወደ ደረጃ አትሩጪ። ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብተሽ እግሩን ያዢ፣ ራስሽንና አንገትሽን ሸፍኚ። ያንን ትልቅ ቡፌ ደግሞ ከግድግዳው ጋር በብሎን አሳስሪው። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው፤ ከነብርጭቆው ነው የሚወድቀው።

ጥያቄ፦ 6 ከ5 በጥቂት ነው የሚበልጠው አይደል?

መልስ፦ በጉልበት 32 እጥፍ ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ ሱናሚ አዲስ አበባ ይደርሳል?

መልስ፦ አይደርስም። የባሕር ዳር አገር ግን ሌላ ነው፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ከኢንዶኔዥያዋ ሱማትራ የተነሣው ሶማሊያ ሐፉን ድረስ መጥቶ ሰው ገድሏል።

ጥያቄ፦ እናቴ እስራኤል፣ ሃይፋ ባሕሩ አጠገብ ነው የምትኖረው። ምን ልንገራት?

መልስ፦ የፒኩድ ሃኦሬፍን (ሕዝቡን በአደጋ ጊዜ የሚመራው የእስራኤል ጦር እዝ) መመሪያ ንገራት፦ ከባሕሩ ቢያንስ 1 ኪሎ ሜትር መራቅ፣ ካልተቻለ 4ኛ ፎቅና ከዚያ በላይ መውጣት። መሬቱ ለረጅም ጊዜ ከተነቃነቀ ወይም ባሕሩ ድንገት ወደ ኋላ ከሸሸ ሳይረን አትጠብቅ። የመጀመሪያው ማዕበል ካለፈም ባለሥልጣናቱ ሳይፈቅዱ እንዳትወርድ፤ ቀጣዩ ሊብስ ይችላል።