ዴሞውን ተዉት፣ ንድፉን አምጡ በሏቸው

እህቴ፣ «ለደሴ ቢሯችንና ለኮምቦልቻ ግምጃ ቤታችን የንብረት ሶፍትዌር በጨረታ ልንገዛ ነው፤ ዴሞው (አቅራቢው ያሳየን የሙከራ ማሳያ) አሪፍ ነው፤ ከመፈረማችን በፊት ምን እንጠይቅ?» ብለሻል። አብሽሪ፣ በእኔም ደርሷል።

ቀድሞ የምሠራበት ቤትም በዴሞ ተማርኮ ነው የገዛው። ሲስተሙ አዲስ አበባ ካለው ሰርቨር ጋር ካልተገናኘ አይሠራም። አንድ ቀን ኮምቦልቻ ኔትወርክ ጠፋ። የግምጃ ቤት ኃላፊዋ ለ12 ጎማ ሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ደረሰኝ) በእጇ ቆረጠች። ኔትወርኩ ሲመለስ መዘገበችው። ለካ ጠዋት የጀመረችው ምዝገባም ተንጠልጥሎ ኖሮ አብሮ ገባ። 24 ጎማ ወጪ ሆነ! ቆጠራ ላይ «ይሄ 12 ጎማ ከየት መጣ?» ተባለች፣ ምስኪን። አቅራቢውን ስንጠይቅ «ውሉ ላይ የለም» አለን። እውነቱን ነው፣ የለም።

በጦር መሣሪያ ሲሆን ዋጋው ሕይወት ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. ሳዑዲ ዳህራን የነበረ የፓትርዮት ፀረ ሚሳኤል ሲስተም 100 ሰዓት ገደማ ሳይጠፋ ሠራ። ውስጡ ያለው የሰዓት ስሌት በ0.34 ሰከንድ ገደማ ዛነፈ። የመጣውን ስከድ ሚሳኤል አላገኘውም፤ 28 ወታደሮች ሞቱ። ሲነደፍ ግን የታሰበው አንድ ቦታ ለጥቂት ሰዓት ብቻ እንዲሠራ ነበር።

የአሜሪካ መከላከያ በገንዘብ የሚደግፈው፣ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ያለው የሶፍትዌር ምህንድስና ተቋም «ኤታም» (ATAM) የሚባል የሶፍትዌር ንድፍ መገምገሚያ ዘዴ አለው። ተጠቃሚዎቹ «እንዲህ ቢሆንስ?» የሚሉትን በሚለካ መንገድ ይጽፋሉ። ነዳፊው የቱ የአርክቴክቸሩ (የሲስተሙ አጠቃላይ ንድፍ) ክፍል እንደሚመልሰው ያሳያል። መልስ ያጣው በስጋትነት ይመዘገባል። ኮዱ ሳይጻፍ ማለት ነው።

ሁለተኛው ግዢ ላይ ይህንኑ በእኛ አቅም ሞከርነው። ቡና ተፈላ፤ የግምጃ ቤት ኃላፊዋም ሒሳብ ሹሙም ሾፌሩም ተቀመጡ። አንደኛው ነጥባችን «ኔትወርክ 2 ቀን ቢጠፋ ምዝገባ አይቋረጥ፤ ሲመለስ አንድም ሰነድ ሁለቴ አይግባ» የሚል ነበር። ጨረታ ሰነዱ ላይ የቴክኒክ መመዘኛ አድርጋችሁ ከመጀመሪያው አስገቡት፤ ኋላ ብትጨምሩት ቅሬታ ያስነሳል።

ተጫራቾቹ ንድፋቸውን ይዘው መጡ። የግምጃ ቤት ኃላፊዋ ጣቷን ስዕሉ ላይ አድርጋ «ኔት ሲጠፋ የጻፍኩት የት ያድራል?» አለች። አንዱ ዝም። ሌላው «እዚሁ ኮምፒውተርሽ ላይ፣ የራሱ ቁጥር ይዞ፤ ሰርቨሩ ያንኑ ቁጥር ሁለቴ አይቀበልም» አላት።

የመጨረሻውን ክፍያ የለቀቅነው የኔትወርክ ገመዱን ነቅለን ከሞከርን በኋላ ነው። የቀሩትን ነጥቦች ከፈለግሽ ኢንቦክስ አድርጊኝ።