የሞተርሆም ዕቃ ማስቀመጫ በሮች በሪሞት አልቆለፍ ሲሉ፦ የቁልፍ ሞተር ከመግዛትህ በፊት

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። በሞተርሆምህ (መኖሪያ ክፍል ባለው መኪናህ) ቀኝ ጎን ካሉት የዕቃ ማስቀመጫ ሳጥኖች የሁለቱ በሮች በሪሞት አንዴ ይቆለፋሉ፣ አንዴ እምቢ ይላሉ፤ ዝናብ ሲሆን ደግሞ ይብስባቸዋል። ፊውዙ ደህና ነው፣ ሪሌው (ኃይሉን የሚለቀውና የሚያቋርጠው ማብሪያ) ቀጭ ሲል ይሰማል፣ በሩን የሚቆልፈውን ትንሽ ሞተር ሶኬት ነቅለህ ስትለካም 12 ቮልት አግኝተሃል። «እንግዲህ ሁለቱንም ሞተር ልግዛ?» ብለሃል። አትግዛ፣ ቢያንስ ዛሬ አትግዛ።

የጻፍከው ራሱ ብዙ ይናገራል። የቀሩት በሮች ከሠሩ ሪሞቱን፣ ባትሪውን፣ ዋናውን ፊውዝና ሪሌውን ተዋቸው፤ እነሱ ጋ ጊዜ አታጥፋ። የሞተር ካርቦን (ለሚሽከረከረው ክፍል ኃይል የሚያደርሰው) ሲያልቅም መቆራረጥ አለ፣ አልክድም። ግን የሁለት ሞተር ካርቦን በአንድ ሰሞን አልቆ፣ ያውም ዝናብ እየጠበቀ ሲያስቸግር አላየሁም። እንዲህ ያለ ጠባይ ያለው ሽቦና ሶኬት ነው።

«12 ቮልት አለ» ያልከው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። መልቲሜትር ለመለካት የሚወስደው ከረንት ከምንም አይቆጠርም። ከሽቦው የመዳብ ክሮች አንዷ ብቻ ብትተርፍ እንኳ 12 ቮልት አድርጎ ያሳይሃል። ሞተሩ ግን ለመነሳት ጥቂት አምፔር ይፈልጋል፤ ያንን ሲስብ በዚያች አንዲት ክር በኩል ቮልቴጁ ይወድቅና ሞተሩ ጋ የሚደርሰው እዚህ ግባ አይባልም። ስለዚህ ያለ ጭነት የተለካ ቮልቴጅ ሽቦው ደህና ነው አያሰኝም።

መፍትሔው ቀላል ነው። የፍሬን መብራት አምፖል፣ ማለትም 21 ዋቱን፣ ሁለት ሽቦ አውጣለትና በሞተሩ ፈንታ ሶኬቱ ላይ ሰካው። ወደ 2 አምፔር ስለሚወስድ ሽቦውን በደንብ ይፈትነዋል። ኤልኢዲ አምፖል አይሆንም፤ እሱም እንደ መልቲሜትሩ ከረንት ስለማይስብ ያታልልሃል። አንድ ሰው ሪሞቱን እየተጫነ አንተ አምፖሉን ተመልከት። ኃይሉ የሚመጣው ለአጭር ቅጽበት ስለሆነ ዲጂታል መልቲሜትር ቁጥሩን አስተካክሎ ሳያሳይህ ሊያልፍ ይችላል፤ አምፖል ግን ብልጭ ሲል ታየዋለህ። ቦግ ካለ ሽቦው ነፃ ነው፣ ያኔ ሞተሩን ጠርጥር። ቀላ ብሎ ከደበዘዘ ወይም ጭራሽ ካልበራ ችግሩ ሽቦው ወይም ሶኬቱ ላይ ነው፤ ሞተር ለመግዛት አትቸኩል።

አምፖሉ በመቆለፍም በመክፈትም መብራት አለበት። ባለ ሁለት ሽቦ ሞተር ሲያርፍ ሁለቱም ሽቦዎቹ ማሳ (ኔጌቲቭ) ላይ ናቸው፤ ቁልፍ ስትለው አንዱ ፖዘቲቭ ይሆናል፣ ክፈት ስትለው ሌላኛው። አንድ በር በደንብ እየቆለፈ መክፈት ብቻ ካቃተው ሽቦው አልተቆረጠም ማለት ነው፤ ከረንቱ የሚሄደውም የሚመለሰውም በእነዚያው ሁለት ሽቦዎች ነውና። እንዲህ ሲሆን ሞተሩ የሚገፋውን ዘንግና የቁልፉን ምላስ ፈትሽ፤ የሆነ ቦታ ይዞት ነው።

ሽቦው የት ነው የተጎዳው ካልከኝ፣ መጀመሪያ በሩ የሚታጠፍበት ጋ ሂድ። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሽቦው እዚያች አንዲት ነጥብ ላይ ይታጠፋል። የጎማ ቱቦውን ወደ ኋላ ግፋና እያንዳንዱን ሽቦ ለየብቻ በሁለት እጅህ ጣቶች ይዘህ በቀስታ ሳበው። ደህና ሽቦ ንቅንቅ አይልም። ሽፋኑ እንደ ላስቲክ ከተለጠጠ ግን ውስጡ መዳቡ ተበጥሷል፤ ከላይ ምንም ጭረት ላይኖረው ይችላል። ሽፋኑን ስትልጠው መዳቡ ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ይዞ ታገኘዋለህ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ፦ ሁለቱ በሮች እምቢ የሚሉት አንድ ላይ ነው ወይስ በየተራ? አንድ ላይ ከሆነ በየበሩ አትድከም፤ ሽቦው ለሁለቱ የሚከፈልበት መጋጠሚያ አንድ ቦታ አለ። ብዙ ጊዜ ከወለሉ ሥር፣ ጎማው ውሃ ከሚረጭበት አጠገብ ነው። የዝናቡን ነገር ስሰማ እኔ ወደዚህ አደላለሁ። ሶኬቱን ነቅለህ ፒኖቹን በደንብ እያቸው፤ አረንጓዴ ከሆኑ በኮንታክት ማጽጃ አጽዳ፣ ከተበሉ ቀይር፣ ስትመልሰው ለኤሌክትሪክ ሶኬት የተሠራ ግሪስ ቀባው።

የተበጠሰ ሽቦ ስትቀጥል መገጣጠሚያው በሩ የሚታጠፍበት ላይ እንዳይውል፣ ከዚያ ራቅ አድርገው። በእርሳስ መበየድን እዚህ አልወደውም፤ ሽቦውን ያደርቀውና ከብየዳው ጫፍ ላይ እንደገና ይቆረጣል። የሚጨመቅ መገጣጠሚያና በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ ይሻላል። ሽቦው ክሩ የበዛና በቀላሉ የሚታጠፍ ይሁን፣ ለመታጠፊያውም ትርፍ ተውለት። ከሶኬቱ በፊት ወደ ታች ቀለስ ካደረግከው ውሃ ተከትሎት ሶኬቱ ውስጥ አይገባም።

አምፖሉ ቦግ ብሎ ሞተሩ እምቢ ካለ ደግሞ በሩን ክፍት አድርገህ ምላሱን በካቻቢቴ ግፋና የተዘጋ አስመስለህ ሪሞቱን ሞክር። በሩ ክፍት ሆኖ ሠርቶ በሩ ሲዘጋ ካልሠራ የበሩ ጎማ አብጦ ወይም በሩ ተንጋዶ እየተጫነው ነው። ትልቅ ሞተርሆም ወጣ ገባ መሬት ላይ ሲቆም ቦዲው ስለሚጣመም በር ሲነክስ አይቻለሁ፤ ሜዳ ላይ አቁመህ ድገመው።

ጋዝ ሲሊንደር የሚቀመጥበት ሳጥን ከሆነ ጋዙን ዘግተህ፣ ሳጥኑን በደንብ አናፍሰህ ነው ኤሌክትሪክ የምትነካው። «ከፍ ያለ ፊውዝ አድርግበት» ያለህን ሰው ግን አትስማው፤ ፊውዝ ለሽቦው እንጂ ለሞተሩ አይደለም የተቀመጠው፣ ሽቦህ ይቃጠላል።

ሁሉም በር ባንዴ የሞተባችሁ ሌሎች ደግሞ መጀመሪያ ባትሪውን እዩ፣ የትኛውን እንደሆነ ግን ለዩ። ሞተርሆም የመኪናው ሞተር ባትሪም የቤቱ (የመኖሪያው ክፍል) ባትሪም አለው፤ በአንዳንዱ የበሮቹ ቁልፎች የተያያዙት ከቤቱ ባትሪ ጋር ስለሆነ የመኪናው ሞተር በአንዴ እየተነሳ በሮቹ ዝም ይላሉ። መኪናው ለረጅም ጊዜ ሲቆም የሚጠፋውን የቤቱን ባትሪ ማቋረጫ ሳያበሩ ቀርተው ቀኑን ሙሉ ፊውዝ የሚያገላብጡ ሰዎች ብዙ ናቸው።